ከታንኳ የወደቀን ሰው እንዴት እናድነዋለን?

ውሃ ሕይወት ነው። ሰውም ከብትም ይጠጣዋል። እንሰቱም፣ በርበሬውም፣ ቡናውም በውሃ ይለመልማል። ነገር ግን ውሃ ሰው ይገድላል። አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚሉት ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በመላው ዓለም 300 ሺህ ያህል ሰዎች ውሃ ውስጥ ሰጥመው ሞተዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ነገሩን በማየት፣ በ2013 ዓ.ም. አንድ ውሳኔ አሳለፈ። ሐምሌ 18 ቀን በየዓመቱ ሰውን ከመስጠም የመከላከያ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ወሰነ። ሐምሌ በእኛ አገር ክረምት ነው። ወንዙ ሁሉ የሚሞላበት ወር ነው። ስለዚህ ቀኑ ለእኛም የሚስማማ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝን አንድ ነገር አለ። አንዱን ውሃ ሲወስደው ወንድሙ ወይም ጓደኛው «ላድነው» ብሎ ዘሎ ይገባል። ዋና አያውቅም፤ ወይም ጥቂት ብቻ ያውቃል። ሁለቱም ይሞታሉ። ከአንድ ቤት ሁለት ሬሳ ይወጣል። ሰውየው ጀግና ነበር። ዘዴ ግን አልነበረውም። የዚህ ትምህርት ዓላማ ዘዴውን ማሳወቅ ነው። ዘዴው በአጭሩ ይህ ነው፦ የወደቀውን ሰው ወደ እኛ እናምጣው እንጂ እኛ ወደ ውሃው አንግባ።

1. የጉራጌ ገበሬ ስለ ታንኳ ለምን ይማራል?

«እኛ የደጋና የወይና ደጋ ሰዎች ነን። ታንኳ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱን እንመልከት።

ከቡታጅራ ወደ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብንሄድ የዝዋይን ሐይቅ እናገኛለን። የሐይቁ ውሃ ከፊሉ የእኛው ውሃ ነው። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራራዎች ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ከእነርሱም አንዷ ቱሉ ጉዶ ትባላለች። በደሴቶቹ የኖሩት የዘይ ሕዝቦች ከውሃ ዳር ተክል አስረው በሠሩት ታንኳ ሲመላለሱና ዓሣ ሲያሰግሩ ኖረዋል። ዛሬ በሞተር የሚሄድ ጀልባም አለ። ከእኛ አካባቢ ለንግድ፣ ለሥራ ወይም ለንግሥ በዓል ወደዚያ የሚሄድ ሰው ጀልባ ላይ መሳፈሩ አይቀርም። ልጆቻችንም ሥራ ፍለጋ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ይደርሳሉ። እዚያም ሐይቅ አለ፤ ጀልባም አለ።

በወልቂጤ በኩል ደግሞ ዋቤና ጊቤ አሉ። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚሄድ ሰው ጊቤን በድልድይ ይሻገራል። ዋቤ ከጊቤ ጋር ይገናኝና ከዚያ በታች ኦሞ ይባላል። የዚህን ውሃ ጉልበት ማንም አይንቅም። በነሐሴ ወር 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ውሃ የከበባቸውን ሰዎች ለማውጣት ጀልባና ሄሊኮፕተር አስፈልጎ ነበር።

ስለዚህ ዘዴውን በታንኳ ላይ እንማረው። ከዚያ በወንዝ ዳርም እንሠራበታለን። ሐይቅም ይሁን ወንዝ፣ ደንቡ አንድ ነው።

2. የሚሰጥም ሰው ምን ይሆናል?

ብዙዎቻችን የሚሰጥም ሰው ይጮኻል ብለን እናስባለን። ብዙ ጊዜ ግን አይጮኽም። ለመጮህ ትንፋሽ ያስፈልጋል። የሚሰጥመው ሰው አፉ አንዴ ከውሃ በላይ፣ አንዴ ከውሃ በታች ይሆናል። ያገኛትን ጥቂት አየር ለመሳብ እንጂ ለመጮህ ጊዜ የለውም። እጁንም አያውለበልብም። በሁለት እጁ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል። ከሩቅ ለሚያየው ሰው የሚጫወት ይመስላል። በዚህ ዓይነት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊሰጥም ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። «ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል» ይባላል። እውነት ነው። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። እርስዎን ካገኘ አንገትዎን ያንቃል፤ ትከሻዎ ላይ ይወጣል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ነፍሱን ለማዳን ነው። የገዛ ልጅዎም ቢሆን እንዲሁ ያደርጋል። እጅዎን ሲይዝዎ መዋኘት አይችሉም። ጎበዝ ዋናተኛም በዚህ መንገድ ይሞታል። እንግዲህ ሰውየው የሚጨብጠው ነገር ከፈለገ፣ የሚጨብጠውን እንስጠው። ያ ነገር ግን የእኛ አንገት አይሁን።

3. አራቱ ሥራዎች

ባሕር ባላቸው አገሮች ሰዎች በሸራ ጀልባ ይጓዛሉ። ሸራው በምሰሶ ላይ የሚሰቀል ሰፊ ጨርቅ ነው። ነፋሱ ሸራውን ሲገፋው ጀልባው ይሄዳል። የሸራ ጀልባ ልጓሙ እንደተሳበ በቅሎ ወዲያው አይቆምም። ሰው ሲወድቅ ነፋሱ ጀልባውን እየገፋ ያርቀዋል። ጀልባው ዞሮ እስኪመለስ ድረስ የወደቀው ሰው ራስ በማዕበል መካከል እንደ ትንሽ ቅል ይታያል። ዓይን ከእርሱ ላይ ከተነሳ ይጠፋል። ስለዚህ ባሕረኞች ሥራውን በአራት ከፍለው ይለማመዱታል። ሥራዎቹ በታንኳም ሆነ በሞተር ጀልባ ላይ ይሠራሉ።

1ኛ፦ መጮህ። መጀመሪያ ያየው ሰው «ሰው ወደቀ!» ብሎ ይጮኻል። በየት በኩል እንደወደቀም ይናገራል። ቀዛፊው ወዲያው ማወቅ አለበት።

2ኛ፦ ማየት። አንድ ሰው ዓይኑን ከወደቀው ሰው ላይ አያነሳም። በእጁም ወደ እርሱ እያመለከተ ይቆያል። ጀልባው ሲዞር እጁም አብሮ ይዞራል። ሌላ ሥራ አይሠራም። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ትልቅ ሥራ ነው።

3ኛ፦ መወርወር። የሚንሳፈፍ ነገር ወዲያው ለወደቀው ሰው ይጣልለታል። ባዶ ጀሪካን ክዳኑ በደንብ ተዘግቶ ቢጣል ሰው ያንሳፍፋል። ባለ 20 ሊትሩ ጥሩ ነው፤ ባለ 5 ሊትሩም ከምንም ይሻላል። ትልቅ ቅል፣ እንጨት፣ የተነፋ የመኪና ጎማ ከመነዳሪም ይሆናል። እቃውን ሰውየውን እንዳይመታው ከአጠገቡ ይጣሉት።

4ኛ፦ መመለስ። ቀዛፊው ጀልባውን አዙሮ ይመለሳል። ሲደርስ የጀልባውን ፊት ወደ ነፋሱ አዙሮ በዝግታ ይቀርባል። የሸራ ጀልባ ፊቱን ወደ ነፋስ ሲያዞር ሸራው ባዶ ይሆናል፤ ጀልባውም ይቆማል። ታንኳም እንዲሁ ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ሲቀርብ፣ መቅዘፍ ሲያቆሙ ፍጥነቱ ይበርዳል። ነፋስ ከኋላ እየገፋው ከመጣ ግን ሰውየውን ይመታዋል ወይም አልፎት ይሄዳል። ጀልባው ባለ ሞተር ከሆነ ሰውየው አጠገብ ከመድረስ በፊት ሞተሩ ይጥፋ። የሞተሩ መዘውር ሥጋ ይቆርጣል።

ታንኳው ላይ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ቢሆንስ? መጀመሪያ ጀሪካኑን ይወርውር። ከዚያ ዓይኑን ሳያነሳ ይቅዘፍ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አጎትና የእህት ልጅ በታንኳ ሲሄዱ አጎትየው ወደቁ እንበል። ልጁ ደንግጦ ዘሎ ቢገባ ምን ይሆናል? ታንኳው ባዶውን በነፋስ ይሄዳል። አጎትየው ልጁን ያንቁታል። ሁለቱም ያልቃሉ። አሁን ደግሞ ልጁ ይህን ትምህርት ተምሯል እንበል። ታንኳው ላይ ቁጭ እንዳለ ጀሪካኑን ይወረውርና «አይዞዎት አጎቴ! ጀሪካኑን ይያዙ! ደረትዎ ላይ እቀፉት! መጣሁ!» ይላል። አጎትየው የሚይዙት ነገር ስላገኙ ይረጋጋሉ። ልጁ ቀዝፎ ይደርሳል። መቅዘፊያውን ዘርግቶ ያስይዛቸዋል። ሁለቱም ቤታቸው ይገባሉ። የልጁ ጉልበት ያው ነው። የተለወጠው ዘዴው ብቻ ነው።

4. ሰውየውን እንዴት እናወጣዋለን?

ብዙ ታንኳ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። የወደቀው ሰው የታንኳውን ጎን ይዞ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከላይ ያሉትም ሊስቡት ወደዚያው ጎን ሲያዘነብሉ፣ ታንኳው ይገለበጣል። ስለዚህ የሚከተለውን እናድርግ።

ሀ. ሰውየው ከታንኳው ጫፍ በኩል ይምጣ እንጂ ከጎን አይምጣ።

ለ. ታንኳው ላይ ያሉት ሰዎች አይቁሙ። ቁጭ ይበሉ ወይም ይንበርከኩ። ሌሎቹ በወዲያኛው ጫፍ ሆነው ክብደቱን ያመዛዝኑ።

ሐ. ብብቱ ሥር ይዘው ይሳቡት። መጀመሪያ ደረቱን፣ ከዚያ እግሩን ያስገቡ።

መ. ታንኳው ትንሽ ከሆነና ሊሸከመው ካልቻለ አያስገቡት። ጫፉን አስይዘው ወይም በብብቱ ሥር ገመድ አሳልፈው፣ ራሱ ከውሃ በላይ እንደሆነ በቀስታ ወደ ዳር ይውሰዱት።

የወደቁት እርስዎ ከሆኑስ? ጋቢ ለብሰው ከሆነ ወዲያው ይጣሉት። የራሰ ጋቢ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። በጀርባዎ ተኝተው፣ ፊትዎን ወደ ሰማይ አድርገው፣ እጅዎን ዘርግተው በቀስታ ይተንፍሱ። ታንኳው ቢገለበጥም አይተዉት፤ ይያዙት። የደንገል ታንኳ ተገልብጦም ይንሳፈፋል። ዳሩ ቅርብ መስሎ ቢታይዎትም ታንኳውን ትተው አይዋኙ። በውሃ ላይ ቅርብ የሚመስለው ሩቅ ነው።

5. ወንዝ ዳር ቆመን ያየን እንደሆነ

ዋቤ ወይም ጊቤ ሰው ሲወስድ ብናይ ጀልባ የለንም። ነገር ግን ባዶ እጃችንን አይደለንም። በአገራችን ባሕር ዛፍ አለ። ከእንሰት የሚገኝ ቃጫ አለ። ጀሪካን የሌለው ቤት የለም። እነዚህ ሦስቱ ሰው ያድናሉ። ቅደም ተከተሉን እንያዝ።

መጀመሪያ እንጮኻለን። ሰው እንጠራለን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነውና ብቻችንን አንሁን።

ሁለተኛ እንዘረጋለን። ሰውየው ለዳር ቅርብ ከሆነ ረጅም አጣና ወይም ቅርንጫፍ እንዘርጋለት። የተጠማዘዘ ነጠላም ይሆናል። ስንዘረጋ ግን ቆመን አይደለም። በደረታችን መሬት ላይ እንተኛለን። ሌላ ሰው እግራችንን ይይዛል። ቆሞ የሚስብ ሰው ተስቦ ይገባል።

ሦስተኛ እንወረውራለን። ሰውየው ራቅ ካለ ጀሪካን በቃጫ ገመድ አስረን እንወርውርለት። ጀሪካኑ ባዶውን ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይመልሰዋል። ስለዚህ ጥቂት ውሃ ከሥሩ ብናደርግበት ሩቅ ይሄዳል። ገመዱን በእጃችን እንያዝ እንጂ ወገባችን ላይ ወይም እጃችን ላይ አንሰር። ውሃው ሰውየውን ሲስብ እኛንም ይወስደናል። የገመዱን ጫፍ ዛፍ ላይ ብናስር ይሻላል።

በሚፈስ ውሃ ላይ ሌላ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ሰውየው አሁን ካለበት ቦታ ላይ ቆመን ብንወረውር ገመዱ እስኪደርስ እርሱ አልፏል። ስለዚህ ወደ ታች ሮጠን እንቅደመው። እየመጣ ሳለ ከፊቱ እንወርውር። ገመዱን ሲይዝ በጉልበት ሽቅብ አንሳበው። አጥብቀን ብቻ ከያዝነው ውሃው ራሱ እያዞረ ወደ ዳር ያመጣዋል።

ውሃ ውስጥ መግባት የመጨረሻው ነገር ነው። የሚገባውም በደንብ መዋኘት የሚያውቅ፣ የሚንሳፈፍ ነገር የያዘ፣ ከዳር ሰዎች የሚጠብቁት ሰው ብቻ ነው። ሞልቶ በሚወርድ ወንዝ ውስጥ ግን ማንም አይግባ። ግንድና ድንጋይ ይዞ ይወርዳል። በጊቤ ሸለቆ ደግሞ ጉማሬ መኖሩን አንርሳ።

6. ከውሃ ከወጣ በኋላ

አንዳንድ ሰው ከውሃ የወጣውን ሰው በእግሩ አንጠልጥሎ ወይም ሆዱን ተጭኖ ውሃውን ለማፍሰስ ይሞክራል። ይህ ስህተት ነው። የሚገድለው የአየር ማጣት ነው። ሆዱን ስንጫን የሆዱ ውሃና ምግብ ወደ ሳንባው ይገባል፤ ጊዜውም ያልፋል። የሰው አንጎል ያለ አየር የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ለሰውየው የሚያስፈልገው ትንፋሽ ነው። እንዲህ እናድርግ።

1ኛ፦ በጀርባው በደረቅ መሬት ላይ እናስተኛው። እንጥራው፤ ትከሻውን እንነቅንቀው። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይል እንደሆነ እስከ 10 እየቆጠርን እንይ።

2ኛ፦ የማይተነፍስ ከሆነ ግንባሩን ወደ ኋላ፣ አገጩን ወደ ላይ እናድርግ። አፉ ውስጥ የሚታይ ጭቃ ወይም ሣር ካለ እናውጣ።

3ኛ፦ አፍንጫውን በጣታችን እንዝጋ። አፋችንን በአፉ ላይ ገጥመን ደረቱ ከፍ እስኪል እንተንፍስበት። ይህን 5 ጊዜ እናድርግ።

4ኛ፦ አሁንም ካልነቃ የመዳፋችንን ሥር ደረቱ መሐል ላይ፣ ሌላውን እጅ በላዩ አድርገን፣ ክንዳችንን ሳናጥፍ 30 ጊዜ በፍጥነት እንጫን። ለትልቅ ሰው ደረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይግባ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው። ለትንሽ ልጅ በአንድ እጅ ይበቃል።

5ኛ፦ ከዚያ 2 ጊዜ ትንፋሽ እንስጥ። እንደገና 30 ጊዜ እንጫን። ሰውየው እስኪተነፍስ ወይም የጤና ባለሙያ እስኪደርስ ይህን ሳናቋርጥ እንሥራ። ሲደክመን ሌላው ይቀበለን። ሥራው ቶሎ ያደክማልና።

መተንፈስ ሲጀምር በጎኑ እናስተኛው። ቢያስመልሰው እንዳይታነቅ ነው። እርጥብ ልብሱን አውልቀን በደረቅ ጋቢ እንሸፍነው። አረቄም፣ ወተትም፣ ምንም ነገር በአፉ አንስጥ።

ሰውየው ተነስቶ «ደኅና ነኝ» ቢልም ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ሳንባው ውስጥ የገባው ውሃ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሹን ሊያሳጥረው ይችላል። ወልቂጤም ቡታጅራም ሆስፒታል አለ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ስለዚህ አንዱ ሰው ትንፋሽ ሲሰጥ ሌላው ስልክ ይደውል።

7. ሳይቃጠል በቅጠል

ማዳን ጥሩ ነው። እንዳይወድቅ ማድረግ ግን ይበልጣል። ታንኳ ወይም ጀልባ ላይ ስንሳፈር የሚከተለውን እናስታውስ።

ሀ. ላይፍ ጃኬት የሚባለው የመንሳፈፊያ ልብስ ካለ እንልበስ። «ሲያስፈልግ እለብሰዋለሁ» ማለት አይጠቅምም። ከወደቁ በኋላ መልበስ ከባድ ነው። ልብሱ ከሌለ ባዶ ጀሪካንና ገመድ ታንኳው ላይ ይኑር።

ለ. ቀዛፊው ከሚችለው በላይ ሰውና ጭነት አንጫን። ቀዛፊው «በቃ» ሲል በቃ ነው።

ሐ. በመንገድ ላይ አንቁም፤ ቦታ አንለዋወጥ።

መ. ጠዋት ውሃው ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ነፋስ ይነሳል። ስለዚህ በጊዜ ሄደን በጊዜ እንመለስ።

ሠ. ሐይቁ ጥልቅ አይደለም ብለን አንታለል። የዝዋይ ሐይቅ ጥልቀት በአማካይ 2 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ይህ ግን ከሰው ቁመት ይበልጣል። ለመስጠም ደግሞ አፍና አፍንጫን የሚሸፍን ውሃ ይበቃል።

ረ. ልጆቻችን ዋና ይማሩ። የሚማሩት ግን ጸጥ ባለና ጥልቅ ባልሆነ ውሃ፣ አዋቂ እያያቸው ይሁን።

በየወንዙ መሻገሪያ አንድ ረጅም አጣና፣ አንድ የቃጫ ገመድና አንድ ጀሪካን ዛፍ ላይ ተሰቅለው ቢቀመጡ ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል? ምንም ማለት ይቻላል። አንድ እድር ለለቅሶ ድንኳን ያዋጣል። ለቅሶው እንዳይመጣ ገመድና ጀሪካን ማዋጣትስ ያቅተዋል? የሠፈሩ ሰው ይምከርበት። ያነበበው ላላነበበው ያሳየው። ልጆቹንም በደረቅ መሬት ላይ ገመድ መወርወር ያለማምዳቸው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የሚሰጥም ሰው ብዙ ጊዜ የማይጮኸው ለምንድን ነው?
2. ሰው ከታንኳ ሲወድቅ የሚሠሩት አራቱ ሥራዎች ምን ምን ናቸው?
3. የወደቀውን ሰው ከታንኳው ጎን ማውጣት ምን ጉዳት አለው?
4. ገመዱን ወገባችን ላይ ማሰር የማይገባን ለምንድን ነው?
5. ከውሃ የወጣውን ሰው በእግሩ ማንጠልጠል ለምን ስህተት ይሆናል?
6. በሠፈርዎ አጠገብ ሰው የሚሻገርበት ወንዝ የቱ ነው? ገመድና ጀሪካን የት ቢሰቀል ይሻላል?

የቃላት ፍቺ

መስጠም — ውሃ ውስጥ ገብቶ መቅረት
መቅዘፊያ — ታንኳ የሚገፋበት እንጨት
ሸራ — ነፋስ እየገፋው ጀልባ የሚያስኬድ ሰፊ ጨርቅ
ደንገል — በሐይቅ ዳር የሚበቅል፣ ታንኳ የሚሠራበት ተክል
ቃጫ — ከእንሰት የሚወጣ፣ ገመድ የሚሠራበት ጭረት
አጣና — ረጅምና ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ እንጨት